የአየር ንብረት ፖሊሲን ለሕዝብ ማስረዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት ፖሊሲ የሚያረቅቁ ባለሙያዎች፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች፣ ጋዜጠኞችና በጉዳዩ የሚሟገቱ ማኅበራት ናቸው። መልሶቹ በየአገሩ ተሞክረው ከሰመሩና ከከሸፉ ፖሊሲዎች የተወሰዱ ናቸው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሕዝቡ የአየር ንብረት ፖሊሲን የሚቃወመው ሳይንሱን ስለማያውቅ አይደለምን?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ይህ አስተሳሰብ በባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ብዙ ጊዜና ገንዘብም አስባክኗል። በ2024 የታተመና በ125 አገሮች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያነጋገረ ጥናት እንዳሳየው 89 በመቶው መንግሥታቸው ከአሁኑ የበለጠ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። 69 በመቶው ደግሞ በየወሩ ከገቢያቸው አንድ በመቶ ለዚሁ ዓላማ ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው። ታዲያ የነዳጅ ዋጋ ጨመረ ሲባል አደባባዩ በተቃዋሚ የሚሞላው ለምንድን ነው? ችግሩን የተቀበለ ሰው የቀረበለትን መፍትሔም ይቀበላል ማለት ስላልሆነ ነው። የምድር ሙቀት እየጨመረ መሆኑን በሚገባ የሚያውቅ ሰው፣ ሸክሙ ያለ አግባብ በእርሱ ላይ የተጫነ ከመሰለው ይቃወማል። ይህን ሰው ስለ በረዶ ግግር መቅለጥ ደግመን ደጋግመን ብናስተምረው ቅሬታው አይነካም፤ ጥያቄው ሌላ ነበርና።

ታዲያ የሰው ጥያቄ ምንድን ነው?

ሦስት ነው። ይህ ነገር በእውነት ይሠራል ወይ? ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ይጎዳል ወይ? እኔና ቤተሰቤስ ምን እንሆናለን? የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ20 አገሮች ከ40,000 በላይ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት በ2022 ይፋ ሲሆን ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። ለፖሊሲው የሚሰጠውን ድጋፍ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚወስኑት በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ያለው እምነት ነው። ጥናቱ ሌላም ቁም ነገር አለው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ብቻ የተመለከቱ ሰዎች አቋም ብዙም አልተለወጠም፤ ፖሊሲው እንዴት እንደሚሠራና ማን እንደሚጠቀም ማን እንደሚጎዳ የተብራራላቸው ግን ድጋፋቸው ጨምሯል።

ሁለተኛው ጥያቄ ችላ ሲባል ምን እንደሚከተል ፈረንሳይ በ2018 አሳይታለች። መንግሥት በነዳጅ ላይ የሚጣለውን ግብር ከዓመት ወደ ዓመት እያሳደገ ነበር፤ በቀጣዩ ጥር ደግሞ ሌላ ጭማሪ አቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት በባለጸጎች ላይ ይጣል የነበረውን የሀብት ግብር በቋሚ ንብረት ብቻ እንዲወሰን አድርጎታል። ባቡርና አውቶቡስ በሌለበት ገጠር የሚኖርና ያለ መኪና ሥራው መድረስ የማይችል ሰው እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። ከነዳጁ የሚሰበሰበው ገንዘብም በአብዛኛው ወደ አጠቃላይ በጀት የሚገባ ነበር። ኅዳር 17 ቀን ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መንገዶችን ዘጉ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጭማሪው ተሰረዘ። ብዙዎቹ ሰልፈኞች የአየር ንብረት ጠላቶች አልነበሩም። «ለምን እኛ ብቻ?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። እንዲህ ላለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ በፖሊሲው ውስጥ ካልተቀመጠ የትኛውም ቃል አቀባይ ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

ከግብሩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሕዝቡ ይመለሳል ብንል አይበቃም?

አይበቃም። በዚህ ጉዳይ ከካናዳ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ አገር የለም። የፌዴራሉ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ የራሳቸው ሥርዓት በሌላቸው ክፍለ ግዛቶች በነዳጅ ላይ የካርቦን ክፍያ (ነዳጁ ሲቃጠል በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ የሚታሰብ ክፍያ) ጣለ፤ ከገንዘቡም አብዛኛውን ለቤተሰቦች መለሰ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አብዛኞቹ ቤተሰቦች በቀጥታ ከሚከፍሉት ይልቅ የሚመለስላቸው ይበልጥ ነበር። ሆኖም ክፍያው ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ይታያል፤ ተመላሹ ግን መጀመሪያ ላይ በዓመታዊው የግብር ሂሳብ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ በባንክ መግባት ሲጀምርም በብዙዎች የሂሳብ መግለጫ ላይ የሚታየው ስያሜ ምንነቱን አይናገርም ነበር። ብዙ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ተቀብሏል። መንግሥት ስሙን ቀይሮ «የካናዳ ካርቦን ተመላሽ» ያለው በ2024 ነው፤ ያኔ ተቃዋሚዎች «ግብሩ ይሻር» የሚለውን መፈክር ካስተጋቡ ቆይተዋል። በሚያዝያ 2025 በሸማቹ ላይ የነበረው ክፍያ ቀረ።

ስዊዘርላንድም ለማሞቂያ በሚውል ነዳጅ ላይ ከምትሰበስበው የካርቦን ክፍያ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ትመልሳለች። የነዋሪዎች ድርሻ የሚመለሰው ከጤና መድን ክፍያ ላይ በመቀነስ ነው፤ ሰው የጤና መድን ደረሰኙን ሲያይ የአየር ንብረት ፖሊሲ ትዝ አይለውም። በ2022 በሁለቱ አገሮች ላይ የታተመ ጥናት ተመላሽ መኖሩ በሕዝብ ድጋፍ ላይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል።

የሚሻለው መንገድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘቡ በሰው እጅ ይግባ፤ ዋጋው ከዚያ ይጨምር። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሐምሌ 2008 በአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10 ዶላር ስታስከፍል፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 100 ዶላር አስቀድማ ልካ ነበር፤ የገቢ ግብርንም ቀንሳለች። ክፍያው በየዓመቱ 5 ዶላር እየጨመረ በ2012 30 ዶላር ደረሰ። ግብሩን ያወጣው ፓርቲ በ2009 ምርጫ ተቃዋሚዎቹ ግብሩን እንሽራለን ብለው ቢቀርቡም አሸንፏል። ግብሩ በ2025 ከፌዴራሉ ክፍያ ጋር አብሮ ቢቀርም 17 ዓመታት ያህል ኖሯል።

ኢራንም በ2010 የነዳጅ ድጎማን ስትቀንስ ያደረገችው ተመሳሳይ ነገር ነው። ለቤተሰቦች የባንክ ሂሳብ ተከፈተ፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ገባ፤ ሰዎች በሂሳባቸው እንዳለ እያዩት ማውጣት የሚችሉት ግን አዲሱ ዋጋ ሥራ ላይ ሲውል ብቻ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ቢጨምርም ያን ጊዜ ሰፊ ረብሻ አልተነሣም። ናይጄሪያ በጥር 1 ቀን 2012 ድጎማውን በድንገት ስታነሣ ግን አገሪቱ በሥራ ማቆምና በሰልፍ ተናወጠች፤ መንግሥት በሁለት ሳምንት ገደማ ዋጋውን በከፊል መለሰ። ከማካካሻ ጋር የተያያዙ ዕቅዶች ነበሩ፤ ነገር ግን ቃል ብቻ ነበሩ። ጭማሪው ግን ያኔውኑ የሰውን ኪስ መትቷል።

ወጪውን ባንናገረው አይሻልም? ካወቁ ይደነግጣሉ።

በጭራሽ አይሻልም። የአየር ንብረት ፖሊሲ ለአሥርት ዓመታት መዝለቅ አለበት፤ የተደበቀ ወጪ ደግሞ ለአንድ የምርጫ ዘመን እንኳ ተደብቆ አይቆይም። የአውስትራሊያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊያ ጊላርድ ከ2010ሩ ምርጫ በፊት በሚመሩት መንግሥት የካርቦን ግብር እንደማይኖር ተናግረው ነበር። ከምርጫው በኋላ መንግሥታቸው ከሐምሌ 2012 ጀምሮ በቶን 23 የአውስትራሊያ ዶላር የሚያስከፍል ሥርዓት አቆመ። ሥርዓቱ ለቤተሰቦች ማካካሻ ነበረው፤ በደንብም የታሰበበት ነበር። ክርክሩ ግን ስለ ፖሊሲው መሆኑ ቀርቶ ቃላቸውን ስለ ማጠፋቸው ሆነ። ሥርዓቱም በሐምሌ 2014 ተሻረ።

ወጪውን ራስዎ ይናገሩ። ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ለምን እንደሚከፍል፣ ማን ከክፍያው ነፃ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጡ። እናንተ ያልተናገራችሁትን ቁጥር ተቃዋሚው ይናገረዋል፤ አሳንሶ ግን አይናገረውም።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ድጋፍ ማግኘት አለብን ወይስ ከወጣ በኋላ ሰው ይለምደዋል?

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በጣም አስቸጋሪው ጊዜ ግን ሕጉ ሊጀመር ሲል ያለው ነው። ሰው ሊያጣ የሚችለው ነገር ከወዲሁ ይታየዋል፤ የሚያገኘው ግን ገና አልታየውም። የስቶክሆልም ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከተማዋ ወደ መሃል በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ የመጨናነቅ ክፍያ ልትጥል ስትነሣ ከነዋሪዎቿ አብዛኛው ይቃወም ነበር። ባለሥልጣናቱ በጥር 2006 ክፍያውን ለሰባት ወራት ያህል በሙከራ ጀመሩት፤ አስቀድመውም ተጨማሪ አውቶቡሶችን አሰማሩ። በክፍያው መስመር የሚያልፈው መኪና ወደ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መንገዱ ሲለቀቅ ማንም ባለ ዓይን ያየው ነበርና መግለጫ አላስፈለገውም። ሙከራው አብቅቶ በመስከረም ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማዋ መራጭ ደገፈው፤ በ2007 ቋሚ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም ድጋፉ እያደገ ሄደ።

የስኮትላንዷ ኤድንብራ በ2005 ተመሳሳይ ክፍያ ያለ ሙከራ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች። ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ድምፅ ተቃውሞ ሆነ፤ ዕቅዱም ተቀበረ። በወረቀት ላይ ያለ ፖሊሲ ለመራጩ ወጪ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ግዴለም፣ ይለምዱታል» ማለት ግን አደገኛ ነው። ሙከራ ሰው ሊመዝነውና ሊተወው የሚችል መሆን አለበት፤ የሙከራው ማብቂያ ቀን መታወቅ፣ ምን እንደሚለካ መገለጽ፣ ውጤቱም የማይመች ቢሆን እንኳ ይፋ መሆን ይኖርበታል።

ማስፈራራት አይሠራም ወይ? አደጋው እኮ እውነት ነው።

አደጋው እውነት ስለሆነ መነገር አለበት። ነገር ግን መውጫ የሌለው ፍርሃት ሰውን ወይ ተስፋ ያስቆርጠዋል ወይ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሰኘዋል። ሙቀት፣ ድርቅና ጎርፍን ባነሣችሁ ቁጥር ይህ ፖሊሲ ከአደጋው የትኛውን ክፍል እንደሚቀንስ አብራችሁ ተናገሩ። ይህን መናገር ካልቻላችሁ ለዚህ ፖሊሲ ሲባል አደጋውን ማንሣት ተገቢ አይደለም።

የትኛው ጥቅም ቢነገር ይሻላል? የምድር መዳን ወይስ የኑሮ ጉዳይ?

በፖሊሲው ውስጥ በእውነት ያለው ጥቅም ሁሉ ይነገር። ከድንጋይ ከሰልና ከናፍጣ የሚወጣው ጭስ ሳንባንና ልብን ይጎዳል፤ ጭሱ ሲቀንስ አየሩ የሚጠራው ለልጅ ልጆቻችን ብቻ ሳይሆን በዚሁ ዓመት ለምንተነፍሰው ነው። ቤትን ከሙቀት ብክነት መከላከል የኤሌክትሪክና የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል። ነዳጅ ከውጭ የሚያስመጣ አገር የራሱን የፀሐይ፣ የነፋስና የውሃ ኃይል ሲጠቀም በዓለም ገበያ ሲናጥ መኖሩ ይቀንስለታል። እነዚህ ነገሮች ሰው በየቀኑ የሚነካቸው ናቸው። ሆኖም የአየር ንብረት ለውጥን ስም ጨርሶ ከመናገር መሸሽ ጥሩ ምክር አይመስለኝም። ዓላማውን ደብቆ በሌላ ስም ያስገባ መንግሥት፣ ሲታወቅበት የሚያጣው አመኔታ ነው። ጥቅሙን ማብዛትም ያው ነው፤ ሥራ ይፈጥራል ከተባለ የት፣ ለማን፣ መቼ የሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል። በተለይ የከሰል ማዕድን ሥራውን ለሚያጣ ሰው ስለ አገር አቀፍ የሥራ ዕድል ማውራት ስድብ ይሆንበታል።

ማን ቢናገር ይሻላል?

አድማጩ ለዓመታት የሚያውቀውና ከጉዳዩ የግል ጥቅም የማያገኝ ሰው። ስለ አየር ብክለት ሐኪም፣ ስለ ዝናብ መዛባት ገበሬ፣ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሹፌሩ ቢናገር ከሚኒስትሩ መግለጫ ይበልጣል። ነገር ግን እነዚህን ሰዎች በተጻፈላቸው ንግግር መድረክ ላይ ማቆም አይገባም። ቀድመው ይጠየቁ፣ ረቂቁን ይንቀፉ፣ ያልጣማቸውንም በአደባባይ ይናገሩ። እንዲህ ያለ ሰው በኋላ «ይህኛው ክፍል ጥሩ ነው» ሲል ይታመናል።

የዜጎች ጉባኤ መጥራትስ?

ከተከበረ ጠቃሚ ነው። ፈረንሳይ ከቢጫ ሰደርያዎቹ ዓመፅ በኋላ በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎችን ሰብስባ ለወራት አወያየች፤ በ2020 149 ሐሳቦችን አቀረቡ። ተራ ሰዎች ጊዜና መረጃ ከተሰጣቸው ከፖለቲከኞች የደፈረ ሐሳብ ሊያመጡ እንደሚችሉ ታየ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቦቹ ሳይበረዙ ይቀርባሉ ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ተቆራርጠው ወይም ተጥለው ቀሩ። አባላቱ በ2021 ለመንግሥት አፈጻጸም ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ ከ10 3.3 ሆነ። የማትቀበሉትን ምክር ከመጠየቅ አለመጠየቅ ይሻላል፤ ለመቀበል የምትችሉትን ወሰን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ያልተቀበላችሁትንም ለምን እንዳልተቀበላችሁ በጽሑፍ መልሱ።

ሐሰተኛ ወሬ ሲሰራጭ ምን እናድርግ?

ወሬው ከመድረሱ በፊት ቦታውን በእውነት መሙላት። ጀርመን በ2023 የቤት ማሞቂያ ሕጓን ስታረቅ፣ ረቂቁ ሳይበስል አፈትልኮ ወጣ፤ ጋዜጦችም መንግሥት ቦይለራችሁን ሊነቅል ነው የሚል መልክ ሰጡት። በሥራ ላይ ያለ ማሞቂያን ነቅሎ መጣል በሕጉ አልተጠየቀም። ይሁን እንጂ ባለቤቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ድጎማው ስንት ነው?» የሚለው ነበር፤ ድጎማው ደግሞ ገና አልተወሰነም። ባዶውን ቦታ ፍርሃት ሞላው። ሕጉ በመስከረም ሲጸድቅ በእጅጉ ለዝቦ ነበር።

ወሬውን ማስተባበል ሲያስፈልግ በእውነቱ ጀምሩ፤ ሐሰቱን አንዴ ብቻ ጥቀሱ፤ ለምን ሐሰት እንደሆነ አስረዱ፤ ወደ እውነቱም ተመለሱ። የሐሰቱን ቃል በርዕስ ላይ አታውሉት። ደግሞም ጥያቄ ያለውን ሰው ከሐሰተኛ ወሬ ነዢው ጋር አትደባልቁ። «ማሞቂያዬን መቀየር አልችልም» የሚል ጡረተኛ የተሳሳተ መረጃ ሰለባ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው።

መልእክታችን ጥሩ ሆኖ ፖሊሲው ባይወደድስ?

እንግዲያው ፖሊሲውን ቀይሩ። የስዊዘርላንድ መራጮች በሰኔ 2021 በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ክፍያ የሚጥለውንና የነዳጅ ዋጋን የሚያስጨምረውን ሕግ 51.6 በመቶ በሆነ ድምፅ ጣሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሕግ ቀረበላቸው። የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን በ2050 ወደ ተጣራ ዜሮ (የሚለቀቀው ከሚወገደው እንዳይበልጥ) ማድረስን በሕግ አሰፈረ፤ አዲስ ግብር ግን አልነበረውም፤ ይልቅስ ያረጁ ማሞቂያዎችን ለሚቀይሩ ባለቤቶች ድጋፍ መደበ። በሰኔ 2023 59.1 በመቶው ደገፈው። ሕዝቡ ያው ነው፤ አገሩ ያው ነው። የተለወጠው የሚቀርብለት ነገር ነበር። በእርግጥ ግብር የሌለበት መንገድ ሁልጊዜ በቂ ነው ማለት አይቻልም፤ ድጎማ ብቻውን ልቀትን በሚፈለገው ፍጥነት ላያወርድ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚጠቅመውን ይዞ መምጣት ለቀጣዩ ከባድ እርምጃ ሰሚ ያስገኛል።

የምናገኘው አስተያየት ሁሉ ተቃውሞ ነው። ደጋፊ አለን?

አላችሁ፤ ምናልባትም ከምታስቡት በላይ። በ2022 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሰዎች ዋና ዋና የአየር ንብረት ፖሊሲዎችን የሚደግፈው አሜሪካዊ ከ37 እስከ 43 በመቶ እንደሚሆን ሲገምቱ እውነተኛው ቁጥር ግን ከ66 እስከ 80 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ተቃዋሚ ይጮኻል፤ ደጋፊ ቤቱ ይቀመጣል፤ ብቻውን የሆነ ስለሚመስለውም ዝም ይላል። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ምን ያህል ሰው እንደሚደግፍ በአግባቡ አጥኑና ቁጥሩን ይፋ አድርጉ። ውሳኔ ሰጪዎችም ሕዝቡን የሚመዝኑት በሚደርሳቸው ጩኸት ነውና እነርሱም ቁጥሩን ማየት አለባቸው።

አንዴ ያገኘነው ድጋፍ እንዳይጠፋስ?

ገንዘቡ ምን እንደሠራ በየጊዜው በማሳየት። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት መራጮች በ2016ም በ2018ም የካርቦን ክፍያ ሐሳብ ቀርቦላቸው ሁለቱንም ጥለዋል። የግዛቷ ምክር ቤት በ2021 ልቀትን የሚገድብና በካዮችን የሚያስከፍል ሕግ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ተቃዋሚዎች ሕጉን ለመሻር ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ወጣቶች ነፃ የሕዝብ ትራንስፖርት ከሚያስገኙት ምንጮች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ለሰደድ እሳት መከላከያና ለአየር ጥራትም ይውል ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች በየአካባቢው እየዞሩ ሕጉ ቢሻር እዚህ የሚቆመው ሥራ የትኛው እንደሆነ ነገሩ። ወደ 62 በመቶ የሚጠጋው መራጭ መሻሩን ተቃወመ። አውቶቡሱ ላይ፣ ግንባታው አጠገብ፣ ደረሰኙ ላይ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይጻፍ፤ በየዓመቱም የገባውና የወጣው ሂሳብ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችል አንድ ገጽ ይታተም።